ሦስተኛው ዝም ሲል

ኪንቻኦ ደሴት ላይ፣ በቺሌ ደቡብ ደጃፍ፣
ዝናብ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ገብቶ ሲያድር፣ ሲያልፍ፣
አሮጌ ፔዦ አለችኝ፣ ከኋላ ባለ ጭነት፣
አባቴ የተዋት፣ ቀለሟ የከዳት።
ድንች እጭንባታለሁ፣ የባሕር ሣር በከረጢት፣
በዳልካዌ ጀልባ ወደ ካስትሮ ገበያ፣ በሌሊት።
ሲሊንደሯ አራት ነው፤ በደረቅ ቀን አራት ናት፣
በእርጥብ ቀን ሦስት ናት።
እዚህ አገር ደግሞ ደረቅ ቀን እንግዳ ነው፣
ሲመጣም ለምሳ አይቆይ።

ቱ… ቱ ቱ። ቱ… ቱ ቱ።
ዳገት ላይ ታነክሳለች፣ ጠጠር እንደ ወጋት በቅሎ፣
ሰው ቆሞ ያየኛል ከሥራው ተነጥሎ።

ካንዴላውን ቀየርኩ። ዝም።
ገመዱን ቀየርኩ። ዝም፣ እንደ ቂመኛ ወንድም።
የአንደኛውን ካንዴላ ነቅዬ ለሦስተኛው ሰጠሁ፣
የሦስተኛውን ለአንደኛው፣ ሕመሙ አብሮ ይዞር እንደሁ።
አልዞረም። እዚያው ቀረ፣ እዚያው በቤቱ፣
ተሸፋፍኖ እንደተኛ አኩራፊ፣ ሳይፈታ ፊቱ።
ካርቡራተሩን በቤንዚን አጥቤ በላባ ጠረግሁ፣
የቫልቩን ክፍተት በቀጭን ብረት ለካሁ፣
ጠበል ብቻ ቀረኝ፤ እሱንማ
ሰማዩ ሳይለመን ያወርድላታል።
ጎረቤቴ ኦላሪዮ «ሽጪያት» አለኝ።
ምክር በነጻ ነው፣ ካንዴላ በገንዘብ።

ዶን ኤራስሞ ባአሞንዴ ከአባቴ ጋር ተኳርፎ
ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፣ በአንድ ክሪክ፣ ሰላምታውን ነፍጎ።
ክሪኩን ከወንበሯ ሥር አውጥቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣
ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ።
አየው። አየኝ። ጥግ አስቀመጠው።
«መቼ ነው የምትዘል?» «ሲዘንብ።»
«ሁልጊዜ?» «በዘነበ ቁጥር።»
«ምስክርሽ ዝናቡ ነዋ፤ ሌላ ሰው ምን ትጠይቂያለሽ?»
አለና መብራቱን አጠፋው።

ጨለማ ውስጥ ሞተሩ ይሠራል።
የልብስ መተኮሻ ውሃ መርጫ አንስቶ
እፍ፣ እፍ አለባት።
«እጅሽን ሰብስበሽ እዪ።»
አየሁ፤ በዲስትሪቢዩተሩ ጥቁር ክዳን ላይ
ሰማያዊ ክር፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ ሲሳብ፣ ሲጠፋ፣ ሲታይ፣
ወደ ሦስተኛው የተላከ እሳት፣ መልእክቱን ረስቶ
ወደ ብረቱ ሲኮበልል፣ በስንጥቅ ሾልኮ ወጥቶ።
ትንሽ መብረቅ ነው።
ስንት ዓመት ከጉልበቴ ፊት ይዤው ስዞር ኖሬአለሁ።

መብራት አበራ። ክዳኑን ፈታ። በአውራ ጣቱ ጥቀርሻውን ሲያብስ
ከሥሩ ቀይ ወጣ።
«የጥፍር ቀለም!» አለ። «አባትሽ ነው የደፈነው።
ጎበዝ ነበር፣ ሌባ ቢሆንም።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።
እኛ ቤት ጥፍሯን ቀይ የምትቀባ አንዲት ሴት ነበረች፣
ስድስት ዓመቴ ላይ በጀልባ ተሻግራ ያልተመለሰች።
ስሟ አይነሳም፤ ፎቶዋ የተሰቀለበት
ሚስማር ብቻ ነው የቀረ።
ብልቃጧን ግን አልጣለም ማለት ነው።
በአንዲት ጠብታዋ ስንት ክረምት ነዳ፣
ቀለሙ ተላጠ፣ እሱም ሞተ፤
የቱ እንደቀደመ እንጃ።

ሐሙስ ከፖርቶ ሞንት በአውቶቡስ አዲስ ክዳን መጣ፣
ዋጋው ሁለት ከረጢት ድንች።
ዝናብ ላይ ገጠምነው። ቱ ቱ ቱ ቱ።
«ሒሳቡስ?» ስለው «ክሪኬ ተመልሷል፤
ወለዱን በድንች ታመጫለሽ» አለ።

ዛሬ ኩራኮ ዳገት ላይ፣ ድሮ በምታነክስበት፣
እግሬ ነዳጅ ረገጠ፣ ሳይቸግራት።
አባቴም እዚያው ጋ ይረግጥ ነበር፣
ወሬውን ሳያቋርጥ።

አሁን ወደቡ ላይ ተሰልፌአለሁ።
አሮጌው ክዳን መዳፌ ውስጥ ነው፤
ስንጥቁን ስነካካ ቀዩ ተፈርፍሮ
ጥፍሬ ሥር ገባ።
ጀልባዋ መጣች። ሞተር አስነሳሁ።